ስለ አንድ ግድብ አራት ዓይነት ጥያቄ
(ለቅጥርና ለሙያ ፈተና ለሚዘጋጁ ወጣት መሐንዲሶች የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «ወቅታዊ ጉዳዮች ለፈተና እንዴት ይጠናሉ?» የሚል ነው። በቅጥር ፈተና ላይ «ጠቅላላ ዕውቀት» በሚባለው ክፍል ስለ መንግሥት፣ ስለ ሳይንስ፣ ስለ አካባቢና ስለ መከላከያ መጠየቅ የቆየ ልማድ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ሁሉ ስለ ተደነገገ፣ ወጣቱ መሐንዲስ አንዱን ፈተና ሲሻገር ሌላው ቆሞ ይጠብቀዋል። ገበያውም ይህንኑ አይቶ በየፎቶ ኮፒ ቤቱ የጥያቄና መልስ ጥራዝ ያቀርባል። ለዚህ ንግግር ስዘጋጅ ከነዚሁ ጥራዞች ጥቂቶቹን ገዝቼ አነበብኩ። በጥራዞቹ ውስጥ የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በአራት ሥፍራ ተቆራርጦ ይገኛል። በመንግሥት ክፍል የመሠረት ድንጋዩ የተጣለበት ቀን፣ በሳይንስ ክፍል የሜጋ ዋቱ ቁጥር፣ በአካባቢ ክፍል የሐይቁ ስፋት፣ በመከላከያ ክፍል ደግሞ ጉባ የምትገኝበት ክልል ስም ይጠየቃል። ተፈታኙም አራቱን መልሶች በቃሉ ይይዛል፤ ግድቡን ግን አያውቀውም።

በበኩሌ ብዙ ጉዳዮችን እየነካካሁ ከማልፍ ይልቅ ይህንኑ አንዱን ግድብ ይዤ በአራቱም በር ልግባበት። ስለ ግድቡ ብዙ ተብሏል፣ ተዘፍኗልም፤ ዛሬ ግን ወደ ሒሳቡ ነው የምንሄደው።

የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው ሙሌት የተጀመረው በ2012 ዓ.ም. ክረምት፣ የመጀመሪያው ተርባይን ማመንጨት የጀመረው የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ግድቡ የተመረቀው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። እነዚህ ቀኖች አይለወጡምና በቃል ቢያዙ አይጎዱም። ችግር የሚመጣው የማመንጨት አቅሙ ሲጠየቅ ነው። አንዱ ጥራዝ 5 ሺህ 250 ሜጋ ዋት ይላል፤ ሌላው 6 ሺህ፤ ሦስተኛው 6 ሺህ 450፤ አራተኛው 5 ሺህ 150። አራቱም ሐሰት አልጻፉም። የመጀመሪያው ቁጥር እያንዳንዳቸው 350 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ 15 ተርባይኖች በታሰቡበት ጊዜ የወጣ ነው። ኋላ የተርባይኖቹ ቁጥርና መጠን እየተለወጠ አቅሙ ከፍ ብሎ፣ በመጨረሻ 11 ባለ 400 እና 2 ባለ 375 ሜጋ ዋት ተርባይኖች ተተክለዋል። ደምሩት፤ 5 ሺህ 150 ይሆናል። የግድቡን ቁመትም አንዱ 145 ሜትር፣ ሌላው 170 ሜትር ሲል ታገኛላችሁ። እንዲህ ያለ ልዩነት ሲገጥመው መሐንዲስ አስቀድሞ «ከወንዙ አልጋ ነው የተለካው ወይስ ከተቆፈረው መሠረት?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ፣ አንዱን ቁጥር መርጦ በሌላው ላይ አይፈርድም።

ከዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ምክንያቱም ተፈታኞች ከሁሉ አብልጠው የሚሳሳቱት በዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። በዕለት ንግግራችን ሜጋ ዋቱንም ሆነ በዓመት የሚመረተውን ኪሎ ዋት ሰዓት ሁለቱንም «ኃይል» እንላቸዋለን። ጋዜጣውም ራዲዮውም እንዲሁ ይላል። ሁለቱ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሜጋ ዋት ማለት መሣሪያው በአንዲት ቅጽበት ሊሰጥ የሚችለው ነው፤ ኪሎ ዋት ሰዓት ግን በዓመቱ ውስጥ በእርግጥ የሰጠው ነው። እኔ ለራሴ አንደኛውን «የማመንጨት አቅም»፣ ሁለተኛውን «የዓመት ምርት» እያልኩ እለያቸዋለሁ። ለዛሬም በዚሁ እንስማማ።

አሁን ምንም ነገር በቃላችን ሳንይዝ የዓመቱን ምርት እናስላ። ሁለት ነገር ብቻ ማወቅ ይበቃል። አንደኛው፣ ዓባይ በሱዳን ድንበር አጠገብ በረጅም ዘመን አማካይ በዓመት 49 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውኃ ያወርዳል። ሁለተኛው፣ ሐይቁ ሲሞላ ውኃው ወደ ተርባይኑ የሚወርድበት ከፍታ 133 ሜትር ግድም ነው። 49 ቢሊዮኑን በዓመቱ ሰከንዶች፣ ማለትም በ31 ሚሊዮን ተኩል፣ ብናካፍል በሰከንድ 1 ሺህ 550 ሜትር ኩብ ይመጣል። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ 1 ሺህ ኪሎ ግራም ነው፤ ይህን በ9 ነጥብ 81፣ ቀጥሎም በ133 ሜትር፣ ከዚያም በ1 ሺህ 550 ብናበዛው 2 ሺህ 20 ሜጋ ዋት ግድም እናገኛለን። ተርባይንና ጄኔሬተር ያለ ብክነት አይሠሩምና ከመቶ ዘጠናውን ብንወስድ 1 ሺህ 820 ሜጋ ዋት ይቀራል። በዓመቱ 8 ሺህ 760 ሰዓቶች ብናበዛው ወደ 16 ሺህ ጊጋ ዋት ሰዓት ይደርሳል። በየጊዜው የሚታተመው የዓመት ምርት ግምት 15 ሺህ 700 አካባቢ ነው። የቀረው ልዩነት ከሐይቁ የሚተነው ውኃና በየወቅቱ ዝቅ የሚለው የሐይቁ ከፍታ ነው።

ይህን ያሰላ ተፈታኝ ሌላም ነገር ያገኛል። አሥራ ሦስቱ ተርባይኖች በአንድ ላይ በሙሉ አቅማቸው እንዲሠሩ በሰከንድ ከ4 ሺህ ሜትር ኩብ በላይ ውኃ ይሻሉ። ወንዙ ግን በአማካይ የሚያመጣው 1 ሺህ 550 ብቻ ነው። እንግዲህ ግድቡ ዓመቱን ሙሉ፣ ቀንና ሌሊት 5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት ይሰጣል ብሎ የጻፈ ሰው ሌላ ወንዝ ማምጣት ይኖርበታል። የዓመቱ ምርት ለአቅሙ ያለው ድርሻ ከመቶ 35 ገደማ ነው። ይህ ነውር አይደለም። ተርባይኖቹ የበዙት ሕዝቡ ምጣድ በሚያሰማበትና ፋብሪካው በሚሠራበት ሰዓት ብዙ፣ በሌሊት ጥቂት ለማመንጨት እንዲቻል፣ ደግሞም ወደ ሱዳን፣ ወደ ጅቡቲና ወደ ኬንያ ለሚሸጠው መጠባበቂያ እንዲኖር ነው። ወደ ኬንያ የሚሄደው መስመር ብቻውን 2 ሺህ ሜጋ ዋት የመሸከም አቅም አለው። የተርባይኖቹ ቁጥር ከ16 ወደ 13 ሲወርድ «ግድቡ ተቀነሰ» ብለው ያዘኑ ሰዎች ነበሩ፤ የዓመቱን ምርት የሚወስነው ግን በመጀመሪያ ደረጃ የወንዙ ውኃና የሐይቁ ከፍታ ስለሆነ የሚያሳዝን ነገር እምብዛም አልነበረም።

ወደ አካባቢው ጥያቄ ልለፍ። ሐይቁ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛል፤ ሲሞላ 1 ሺህ 874 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። «የኃይል ማመንጫ ግድብ ውኃ አይፈጅም» የሚለው መልስ በብዙ ጥራዝ ይገኛል። ከሞላ ጎደል እውነት ነው፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። በዚያ በረሓማ ቆላ ዝናቡ ተቀንሶ በዓመት አንድ ሜትር ያህል ውኃ ይተናል ብንል፣ ከሐይቁ ላይ ወደ 2 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚጠጋ ውኃ ወደ አየር ይሄዳል ማለት ነው። ይህን ደብቆ የሚከራከር ሰው የሚያውቅ ሰው ፊት ሲቀርብ ይረታል። ቁጥሩን አምኖ ግን ግብፅና ሱዳን በ1952 ዓ.ም. ሲዋዋሉ በአስዋን ሐይቅ ላይ ብቻ ለትነትና ለመሰል ብክነት 10 ቢሊዮን ሜትር ኩብ መተዋቸውን የሚያስታውስ ሰው ክርክሩን ወደ ተገቢው ሚዛን ያመጣዋል።

ሁለተኛው የአካባቢ ጉዳይ ደለል ነው፤ እኔ እንደማስበው ዋናውም እርሱ ነው። ዓባይ ይዞ የሚዞረው ግንድ ብቻ አይደለም፤ የጎጃምን፣ የወሎን፣ የሸዋንና የወለጋን የእርሻ አፈር ነው። በድንበሩ አጠገብ በዓመት ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ ደለል ያልፋል። ሱዳን በ1958 ዓ.ም. የጨረሰችው የሮዘሬስ ግድብ በዚህ ደለል ብዙ የማከማቻ ሥፍራውን አጥቷል። በኛ ግድብ ከ74ቱ ቢሊዮን ውስጥ 14 ነጥብ 8ቱ ከተርባይኖቹ መግቢያ በታች የሚቀር ሙት ክምችት ነው። በዓመት 100 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ደለል ቢገባ ይህን ሥፍራ ለመሙላት 148 ዓመት ይፈጃል፤ ደለሉ በእጥፍ ቢሆን 74 ዓመት። ደለል ደግሞ እንደ ሒሳባችን ታዝዞ ታች አይተኛም፤ አብዛኛው ወንዙ ወደ ሐይቁ በሚገባበት አፍ ላይ እየተከመረ ለሥራ የሚውለውን ክምችት አስቀድሞ ይበላል። በመሆኑም የግድቡን ዕድሜ የሚወስነው ጉባ ላይ የፈሰሰው ኮንክሪት ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን፣ ከዚያ በመቶ የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ርቆ በተዳፋት ላይ የሚያርሰው ገበሬ እርከን መሥራቱና አለመሥራቱ ጭምር ነው። ስለ እርከን በግብርና ክፍል፣ ስለ ግድብ በሳይንስ ክፍል የሚጠይቀው ፈተና ይህን ዝምድና ከቶ አያወጣውም።

የመንግሥትና የሕግን ክፍል በአጭሩ ልለፈው፤ ጥራዞቹም በዚህ ረገድ ያን ያህል አይከፉም። ሁለት ነገር ብቻ ላስጠንቅቅ። አንደኛ፣ የ1921 ዓ.ም.ንና የ1952 ዓ.ም.ን ውሎች ኢትዮጵያ አልፈረመችም። የኋለኛው ውል ከ84 ቢሊዮኑ 55 ነጥብ 5 ለግብፅ፣ 18 ነጥብ 5 ለሱዳን ሰጥቶ የቀረውን ለትነት ትቷል፤ ለምንጩ አገር የተመደበ የለም። ዐፄ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የተፈራረሙት ውል ግን አለ፤ የውኃውን ፍሰት የሚያግድ ሥራ ስለ አለመሥራት ይናገራል። ይህን ውል የለም ብሎ መካድ አያዋጣም። ውኃን በተርባይን አሳልፎ መልቀቅና ፍሰትን ማገድ አንድ ነው ወይ ብሎ መከራከር ግን ይቻላል፤ ይህም ክርክር ከፊሉ የመሐንዲስ ነው። ሁለተኛ፣ በካርቱም መጋቢት 14 ቀን 2007 ዓ.ም. ሦስቱ አገሮች የፈረሙት የመርሆዎች መግለጫና የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው ስለዚህ ግድብ ነው፤ ግብፅም ፈርማበታለች። ሁለተኛው ስለ ተፋሰሱ በሙሉ ነው፤ ደቡብ ሱዳን ካጸደቀችው በኋላ ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. በሥራ ላይ ውሏል፤ ግብፅና ሱዳን ግን የሉበትም። ሁለቱን ያምታታ ተፈታኝ ማን በምን እንደታሰረ ሊናገር አይችልም።

ስለ መከላከያ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚጠብቀው የአውሮፕላንና የሚሳይል ዝርዝር ነው። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ በግድቡ አናት ላይ በረራ መከልከሉ ይታወሳል። ይሁንና ለመሐንዲስ ከዚህ የበለጠ የሚጠቅመው እ.ኤ.አ. በ1977 ለጄኔቭ ስምምነቶች የታከለው አንደኛው ፕሮቶኮል 56ኛ አንቀጽ ነው። አንቀጹ ግድቦችን፣ የጎርፍ መከላከያ ክትሮችንና የኑክሌር ኤሌክትሪክ ማመንጫዎችን ይጠቅሳል። ጥቃቱ በውስጣቸው የታመቀውን አደገኛ ኃይል ለቅቆ በሰላማዊ ሕዝብ ላይ ከባድ እልቂት የሚያደርስ ከሆነ፣ የጦር ዒላማ ቢሆኑ እንኳ እንዳይመቱ ይከለክላል። በአጠገባቸው የጦር መሣሪያ ማኖር የሚፈቀደው ለራሳቸው ለመከላከያ ብቻ ነው። መለያቸውም በአንድ መስመር የተደረደሩ ሦስት ደማቅ ብርቱካንማ ክቦች ናቸው። ሦስቱም አገሮች፣ ኢትዮጵያም ግብፅም ሱዳንም፣ ፕሮቶኮሉን ተቀብለዋል።

ይህ አንቀጽ ከባዶ አልተጻፈም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1943 የእንግሊዝ አውሮፕላኖች በጀርመን አገር የሞነን ግድብ በደበደቡ ሌሊት ከሺህ በላይ ሰው በጎርፍ አልቋል፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ በግዳጅ ሥራ የተያዙ የሌላ አገር ሰዎች ነበሩ። አንቀጹ ከተጻፈም በኋላ ቢሆን በ2015 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ በዩክሬን የካኾቭካ ግድብ ሲፈርስ ዓለም አይቷል። የዚያ ሐይቅ መጠን 18 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ነበር፤ የኛ 74 ነው። ከኛ በታች ያለው የሮዘሬስ ግድብ ከፍ ከተደረገ በኋላ እንኳ የሚይዘው 7 ቢሊዮን ግድም ብቻ ነው። ከዚህ የሚወጣው መደምደሚያ ግልጽ ነው። ሐይቁ ባዶ ሳለ ግድቡን መምታት ኮንክሪት መስበር ነበር፤ ሐይቁ ከሞላ ወዲህ ግን በመጀመሪያ የሚያልቀው የሱዳን ሕዝብ ነው። ባዶ ግድብና ሙሉ ግድብ በዚህ አንቀጽ ፊት እኩል አይደሉም። ስለዚህም በየክረምቱ የተከማቸው ውኃ የግድቡ ጋሻ ሆኖ አደገ ቢባል የተጋነነ አይሆንም፤ የመከላከያውን ጥያቄ ከሙሌቱ ቀኖች ለይቶ ማጥናት የማይቻለውም ለዚህ ነው።

በቃል ፈተና ላይ ቀርባችሁ አንድ ዐዋቂ ፈታኝ ሊጠይቃችሁ የሚችለው ከባዱ ጥያቄ ግን እስካሁን አልተነሣም። ይኸውም «ድርቅ ለተከታታይ ዓመታት ቢመጣ ምን ይደረጋል?» የሚለው ነው። በድርድሩ አሁንም ሳይቋጭ የቀረው ዋናው ነገር ይኸው ነው፤ ግድቡ ተመርቆም አልተቋጨም።

እንደ ልማዳችን በሒሳብ እንጀምር። ወንዙ በ49 ፈንታ በዓመት 35 ቢሊዮን ብቻ አመጣ እንበል። ኢትዮጵያ ወደ ታች የሚወርደው ውኃ እንዳይጎድል ብትፈልግ በየዓመቱ 14 ቢሊዮን ከሐይቁ መጨመር አለባት፤ ትነቱ ሲታከል 16 ይሆናል። ለሥራ የሚውለው ክምችት 59 ቢሊዮን ያህል ነው። እንግዲህ ሙሉው ሐይቅ አራት ዓመት አይሞላም። በአራተኛው ዓመት መጨረሻ የሐይቁ ከፍታ ወርዶ፣ ቅድም ያሰላነው 133 ሜትር እጅጉን ቀንሶ፣ ምርቱም ከዚያው ጋር ወድቆ፣ አዲስ አበባም ናዝሬትም ባሕር ዳርም መብራት በፈረቃ ይሆናሉ። ከዚያም ዝናቡ ሲመለስ ሐይቁን እንደገና ለመሙላት የሚቀረው ውኃ ከማን ድርሻ ይወሰድ የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ከታች ያሉት አገሮች የሚፈልጉት በቁጥር የተወሰነ አስገዳጅ ግዴታ ነው። የኛ ወገን ደግሞ በዛሬ ፊርማ የነገውን ትውልድ የውኃ መብት አልቆርጥም ይላል። እኔ በዚህ ረገድ የአገሬን አቋም ምክንያት ይገባኛል፤ ደግፌውም እከራከራለሁ። ሆኖም ግዴታ አለመግባትና መረጃ አለመስጠት የተለያዩ መሆናቸውን መሐንዲስ ሁሉ ሊለይ ይገባዋል። በሐምሌ 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሙሌት ሲደረግ በካርቱም የመጠጥ ውኃ መሳቢያ ጣቢያዎች ውኃው እንደ ሸሻቸው የሱዳን መንግሥት አስታውቆ ነበር። የሮዘሬስ ሠራተኛ ነገ በስንት ሰዓት ስንት ሜትር ኩብ እንደሚመጣለት ካላወቀ የራሱን በር በትክክል ሊከፍትና ሊዘጋ አይችልም። በየዕለቱ የሚላክ አንድ ገጽ ቁጥር የማንንም ሉዓላዊነት አይነካም።

ድርቁ የፈጠራ ምሳሌ ያልመሰለው ሰው ካለ ወደ ኋላ ይመልከት። ከ1970 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት ዓመታት፣ በተለይም በ1976 እና በ1977፣ በአገራችን ዝናብ ጠፍቶ የደረሰውን ሁላችንም ከታላላቆቻችን ሰምተናል። የዚያው ድርቅ ሌላው ፊት በአስዋን ታይቷል። ሐይቁ ከዓመት ዓመት እየጎደለ ሄዶ በሐምሌ 1980 ዓ.ም. ተርባይኖቹ ለመቆም ጥቂት ሜትሮች ብቻ ቀርቷቸው ነበር። በዚያው ክረምት፣ በነሐሴ፣ ዝናቡ በኃይል መጣ፤ ካርቱም በጎርፍ ተጥለቀለቀች፣ አስዋንም መሙላት ጀመረ። ጉድለቱም ጎርፉም በአንድ ክረምት ውስጥ፣ በአንድ ወር ልዩነት የሆኑ ናቸው። ያን ጊዜ በጉባ ግድብ ቢኖር ኖሮ በሐምሌ ስንት ይለቅ ነበር፣ በነሐሴስ ስንት ይይዝ ነበር? የ49ኙንና የ59ኙን ቁጥሮች ይዛችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ። የዓመታቱን ፍሰት የያዘውን ሰንጠረዥ በሰሌዳው ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ከሻይ ዕረፍቱ በኋላ የሠራ ሰው ወጥቶ ያሳየን።